ሳይከፈት የተፈረመበት ሣጥን

ለመምህርት ዘመናይ አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላት ይህን ነው። አራት ጠመኔ፤ ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ባለቀለም። ነጩን ትምህርት ቤቱ ይሰጣታል፣ ባለቀለሙን ከኪሷ ትገዛለች። ሁሉ ነገር በነጭ ከተሣለ ልጆቹ የሴሉን ግድግዳ ከኒውክሊየሱ አይለዩትማ። ሁለት ጀሪካን ውኃ። ስድስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ድምፅ፤ ስድሳ ስምንት ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዝናቡ ሲጀምር ከሰማይ ጋር መጯጯህ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ የጭቃ መንገድ ለመሄድ፣ ሃያ አምስት ለመመለስ። ከትምህርት በኋላ ደግሞ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ መውጣት፣ አሶሳ መደወል፣ ካርድ እስኪያልቅ ማውራት። ይህን ሁሉ ደመወዟም ጉልበቷም እንደምንም ይችሉታል። የማይችሉት አንድ ነገር ነው። ልጇ ሳሌም አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እናትና ልጅ አንድ አልጋ ላይ ያደሩበት ቀን ቢቆጠር ግን አንድ ዓመት አይሞላም።

የዘመናይ ወላጆች በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ናቸው። እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ ባዮሎጂ አጥንታ ስትመረቅ ዕጣዋ ከመንጌ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ። ባሏ ሰራዊት ጉባ፣ ግድቡ ሥራ ላይ፣ ገልባጭ መኪና ይነዳል፤ በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይላል። ሳሌም ስትወለድ እዚያው መንጌ ይዛት ነበር። ልጅቷን በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ወባ ጣላት። ሁለተኛው ላይ ዘመናይ ሕፃኗን ታቅፋ በሚኒባስ አሶሳ አደረሰችና ለእናቷ ለእማማ አሰፋሽ ሰጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሳሌም አሁን አያቷን «እማ» ትላለች። ዘመናይን ደግሞ «የስልኳ እማ»።

ዝውውር መጠየቅ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ቅጹን በየዓመቱ ሞላች፤ በየዓመቱ የሌላ ሰው ስም ተለጠፈ። እስከዚያው ታስተምራለች።

ማስተማሩስ እንዴት ያለ ነው? መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለአምስት ልጅ አንድ። እሷ በአማርኛ ታብራራለች፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው በሩጣንኛ፣ በበርታዎቹ ቋንቋ፣ ያወሩበታል። ሦስት ወንዝ ተሻግሮ የሚደርስ ዕቃ ነው እንግዲህ፤ የደረሰው ደረሰ። ሴል ስታስተምር ሰሌዳው ላይ እንደ እንቁላል ያለ ትልቅ ክብ ትሥላለች፣ መካከሉ ላይ ቀይ አስኳል። ባለፈው ዓመት ፈተና ላይ «ሴል የት ይገኛል?» ብላ ብትጠይቅ አንዱ «ጥቁር ሰሌዳ ላይ» ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ዐሥራ አንድ ልጅ ተመሳሳይ መልስ እንደጻፈ ስታይ ሳቋ ጠፋ። ልጆቹ አልተሳሳቱም። ሴል ያዩት እዚያ ብቻ ነው።

ዘጠነኛ «ለ» ክፍል ውስጥ ኸድራ የምትባል ልጅ አለች። ቅዳሜና እሑድ ከእናቷ ጋር ወንዝ ዳር ወርቅ ታጥባለች፤ ሰኞ ሰኞ ጣቶቿ እንደ ተቀቀለ ነገር ተጨማደው ይመጣሉ። አማርኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትል። ጥያቄዋ ግን አይጣል ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ ሴል አንተ በዓይን አይተሃል?» አለቻት አንድ ቀን።

«አይቻለሁ።»

«የት?»

«ስማር፣ በማይክሮስኮፕ።»

«ስንት ደቂቃ?»

ክፍሉ ሳቀ። ዘመናይ መዋሸት አልሆነላትም። ለዐሥራ አንድ ሰው አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር፤ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ከኋላ ይገፋል። «ግማሽ ደቂቃ አይሞላም» አለች።

«በቃ!» አለች ኸድራ ወደ ጓደኞቿ ዞራ። «ጀነት አላየንም፣ አመንን። ሴልም አላየንም፣ እንመን። አላህ ይርዳን!»

ነገሩ ቀልድ ነው፤ ዘመናይ ግን ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አለው። ከስምንት ዓመት በፊት በእርዳታ የመጣ፣ ከእንጨት ሣጥኑ ጋር፣ በመስተዋት የፀሐይ ብርሃን የሚሰበስብ፣ መብራት እንኳ የማይፈልግ። ዕቃ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እንግዳ ሲመጣ ሣጥኑ ከውጭ ይታያል፤ «ቤተ ሙከራችን» ይባላል። አወጣው የተባለ ሰው የለም። መምህራኑ አዲስ ሰው ሲመጣ የሚመክሩት አንድ ምክር ነው፦ «የፈረምክበት ዕቃ ያንተ ነው። አትፈርም።»

ርእሰ መምህሩ ባቢከር ፈቃድ ስትጠይቀው ግን ፊቱ በራ። እሱም እንደ ኸድራ ሴቱን «አንተ» ይላል፤ መምህርትን ደግሞ «ኡስታዛ»። «ኡስታዛ፣ አሳይ! ወላሂ እኔ ራሴ አላየሁም። ለእኔም አንድ ዓይን አስቀምጥልኝ» አለና ፈቃዱን ጻፈላት።

ዕቃ ቤቱን የያዘው አቶ አሳምነው ነው። የዘመናይ አባት የሰፈሩበት መንደር ሰው፣ አባቷ ሲሞቱ ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ። «ጋሼ» ነው የምትለው፤ ከዚያ ውጭ ልትለው የምትችለው ስም የላትም።

«ጋሼ አሳምነው፣ ማይክሮስኮፑን ለነገ ፈልጌው ነበር።»

«ለማን?»

«ለተማሪዎቼ።»

«ሊሰብሩት?»

«ሊያዩበት።»

«አዬ ልጄ! ዕቃ እኮ በታየ ቁጥር ያረጃል» አለ። የባቢከርን ወረቀት ሁለት ጊዜ አገላብጦ አነበበ። ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ አሶሳ ለቅሶ ስላለበት ሚኒባሱ እንዳያመልጠው ተጣድፏል። ሣጥኑን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የንብረት ወጪ ቅጹን፣ ሞዴል ሃያ ሁለቱን፣ ራሱ ሞላው። ዓይነት፦ ማይክሮስኮፕ። ብዛት፦ አንድ። ይዞታ፦ ደህና። «በይ ፈርሚ፣ ልዝጋበት።»

እዚህ ላይ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሆን ሣጥኑን ይከፍት ነበር። ዘመናይ እጇ እስከ መቆለፊያው ሄዶ ተመለሰ። እንዴት ይከፈታል? ለቅሶ ሊደርስ የቸኮለ ትልቅ ሰው፣ የአባቷን ሬሳ የተሸከመ ሰው ፊቷ ቆሞ፣ ሣጥን ከፍቶ መመርመር «አላምንህም» ማለት ነው። ይህን የሰማ የመንደሩ ሰው ምን ይላል? «የእገሌ ልጅ ተምራ መጥታ ጋሼ አሳምነውን ፈተሸችው» ነው የሚባል። ይሉኝታ ያዛትና ፈረመች። ቀኑን ጻፈች፣ ስሟን በሙሉ ጻፈች፣ ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች።

አርብ ጠዋት ፀሐይ ነበር። ጠረጴዛ ወደ ግቢው ወጣ። ስድሳ ስምንት ልጅ ተሰለፈ፤ ከቤታቸው ቀይ ሽንኩርት ያመጡም ነበሩ፣ አንዱማ ሙሉ ኪሎ ይዞ መጥቷል፣ «ሴሉ እንዳያልቅ» ብሎ። ዘመናይ የሽንኩርቱን ስስ ልጥ በጥንቃቄ ላጠች፣ ከጤና ጣቢያ የለመነችውን አዮዲን ጠብ አደረገች፣ መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዞረች፣ አጎነበሰች።

ነጭ ጭጋግ። ማስተካከያውን አዞረች፤ ጭጋጉ አልሄደም። ሌንሱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ያው ነው። አንድ በአንድ ሦስቱንም ሌንስ ሞከረች። ጭጋጉ ውስጥ እንደ ሥር የተዘረጋ፣ እየቀጠነ የሚበታተን ክር አለ።

«ቲቸር፣ እኔ ልይ» አለች ኸድራ። አጎነበሰች። «ሴል ሸረሪት ድር ነው እንዴ?»

ዘመናይ ያን ጊዜ ገባት። ሻጋታ ነው። የመንጌ ክረምት እርጥበት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌንሱ ውስጥ ፈንገስ ሲያበቅል ኖሯል። ከውጭ አይጠረግም፣ በውስጥ ነው። ራሷ ምዕራፍ ሦስት ላይ ታስተምረዋለች፦ ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት ያገኘ ፈንገስ ያድጋል። ስድሳ ስምንት ልጅ ዓይን ዓይኗን ያያል። «ዕቃው ታሟል» አለች።

ተማሪዎቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ኸድራ ከደብተር ልባሷ ላይ ንጹሕ ላስቲክ ቀደደች። ላስቲኩ ላይ በጣቷ ጫፍ አንድ ጠብታ ውኃ አኖረች፤ ከሽንኩርቱ ልጥ በላይ ያዘችው፣ ዓይኗን አስጠጋች፣ ወደ ፀሐይ አዘነበለችው። «እናቴ ወርቅ በጣም ደቃቅ ሲሆን እንዲህ ነው የሚያይ» አለች። ከዚያ ጮኸች፦ «ቲቸር! አጥር ነው! የቀርከሃ አጥር!»

ዘመናይ ተቀብላ አየች። ደብዛዛ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አለ። ጎን ለጎን የተደረደሩ ረዣዥም ክፍሎች፣ ልክ እንደ ተማሪዎቿ ቤት አጥር። ላስቲኩ ከእጅ እጅ ዞረ፣ ሌሎችም የራሳቸውን ቀደዱ፤ ዝናቡ እስኪመጣ ግማሹ ክፍል አየ። ባቢከርም ተጠርቶ መጣና አየ፤ «ሱብሐነላህ» ብሎ ሁለተኛ ዙር ሊሰለፍ ሲል ልጆቹ «ሰልፍ ያዝ!» አሉት። ሁሉ ሳቀ። ዘመናይ ብቻ ዓይኗ ሣጥኑ ላይ ነው። አንድ ጠብታ ውኃ ሞዴል ሃያ ሁለት አይፈልግም። ሳትፈርም ማድረግ ትችል ነበር።

አሳምነው ከለቅሶ የተመለሰው ሰኞ ነው። ሣጥኑን ሲረከብ አልተጣደፈም። ከፈተ፣ አወጣ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስላል ዓይኑን ሌንሱ ላይ አኖረ።

«ይህማ ተበላሽቷል።»

«ሲመጣም እንደዚሁ ነበር፣ ጋሼ። ሻጋታ ነው፤ ቆይቷል።»

«ሲወጣ ደህና ነበር። ይኸው ‹ደህና› ይላል። ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ ነው፤ ግን እኮ ሳንከፍተው...»

«ማን አትክፈቺ አለሽ?» አለ።

ይህን ሲል እንኳ አልጮኸም። ዘመናይን ያቆሰላት ያ ነው። የከለከላት ሰው የለም፤ የከለከላት የሱ ክብር ነበር፣ እሱም ያውቀዋል።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ፤ አሳምነውም ቀረበ። ዕቃው ከሐሙስ እስከ ሰኞ የት አደረ ተባለ። «ቤቴ ጣሪያው ስለሚያፈስ አልጋዬ ላይ» አለች። «አንቺስ የት አደርሽ?» «መሬት።» ሁለቱ ሳቁ። ቆማ አስረዳች፤ ዘጠነኛ ክፍልን እንደምታስረዳው። ይህ ዓይነት ፈንገስ በአራት ቀን አይበቅልም፣ ክሩ እዚህ ለመድረስ ብዙ ክረምት ይፈልጋል፣ አሶሳ ልካችሁ ባለሙያ ጠይቁ አለች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ጥሩ አድርጋ አላስተማረችም። አሳምነው ራሱን እየነቀነቀ አስጨረሳትና፦

«ልክ ነሽ ይሆናል፣ ልጄ። ግን ሻጋታው አልፈረመም። የፈረምሽው አንቺ ነሽ» አለ።

ያ ቃል ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። እከፍላለሁ ብትልም አልሆነም፤ ዕቃው በእርዳታ ስለመጣ መዝገብ ላይ ዋጋ የለውም፣ ዋጋ የሌለው ዕቃ አይከፈልም። በዓይነት መተካት አለባት ተባለ፤ ያ ዓይነት ደግሞ መሠራት ካቆመ ቆይቷል።

ይህ ሁሉ በግንቦት ነው። ነሐሴ ላይ የዝውውር ስም ዝርዝር ተለጠፈ፤ መጠየቅ በጀመረች በአራተኛ ዓመቷ የዘመናይ ስም ወጣ። አሶሳ ከተማ፣ ከእናቷ ቤት በእግር ዐሥር ደቂቃ። እማማ አሰፋሽ በስልክ እልል አለች። ለሳሌም የመዋዕለ ሕፃናት ደንብ ልብስ ተሰፋ። «ማን ያደርስሻል?» ስትባል «የስልኳ እማ፣ በእግሯ!» ትላለች አሉ።

ዘመናይ ዕቃዋን በሁለት ማዳበሪያ ጠቅልላ ክሊራንስ ልታስፈርም ሄደች። ቤተ መጻሕፍቱ ፈረመ። ሒሳብ ክፍሉ ፈረመ። ንብረት ክፍል ስትደርስ አሳምነው እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ መልሶ አስገባ። ክሊራንስ የሌለው መምህር ደግሞ አዲሱ ትምህርት ቤት አይቀበለውም።

ባቢከር በሩን ዘግቶ አነጋገራት። «ኡስታዛ፣ አውቃለሁ፣ አንተ አልሰበርክም። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቆየ ነው። ግን ኦዲት ይመጣል። ኦዲት ዓይን አይቀበልም፣ ወረቀት ነው። ከአንተ በፊት ብልሽቱን ያየ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ጽፎ ይፈርም። እኔ በዚያው ቀን እለቅሃለሁ፣ ወላሂ።»

ከእሷ በፊት የፈረመ ግን የለም። መዝገቡ ላይ ገቢ የሆነበት ቀን አለ፣ ከሱ ሥር የእሷ ስም።

ወሬውን የነገረቻት ግቢውን የምትጠርገው ዐፊፋ ናት። «ያ ረዥሙ ጂራታ አውጥቶ ነበር እኮ» አለቻት፣ መጥረጊያዋን ሳታቆም። ጂራታ ከዘመናይ በፊት ባዮሎጂ ያስተማረ የባምባሲ ሰው ነው። «አወጣው፣ አየው፣ ‹ደመና ገብቶበታል› አለ። አሳምነው ‹ሳትፈርም ወስደሃል፣ ብታወራ ከፋዩ አንተ ነህ› አለው። መልሶ አስገባ፣ ዝም አለ።»

«ይህን ለኮሚቴው ትነግሪልኛለሽ?»

ዐፊፋ መጥረጊያዋን አቆመች። በየስድስት ወሩ የሚታደስ ኮንትራት አላት፤ የሚያድሰውን ሰው ስም ሁለቱም ያውቁታል። «አምስት ልጅ አለኝ፣ ዘመናይ» አለች። ዘመናይ አልደገመችላትም። እሷም እኮ እናት ናት።

ጂራታን መፈለግ ጀመረች። የድሮ ስልኩ አይሠራም። ባምባሲ አስጠየቀች፤ ማስተማር ትቷል፣ ኩርሙክ ሄዶ ሞባይል ይሸጣል አሏት። ኩርሙክ ለሚመላለስ ሹፌር ነገረች፤ የለም፣ ጉባ ካምፕ ገብቷል ተባለ። ሰራዊት ጉባ ላይ የምግብ አዳራሹን፣ ጋራዡን፣ መጋዘኑን እየዞረ ጠየቀ። ሦስት ጂራታ አገኘ፤ አንዳቸውም ጠመኔ ጨብጠው አያውቁም።

መስከረም መጣ። ሳሌምን መዋዕለ ሕፃናት ያደረሰቻት አያቷ ናት። በዚያው ጠዋት ዘመናይ ዘጠነኛ ክፍል ቆማ ለአዲሶቹ ልጆች የሴልን ግድግዳ በአረንጓዴ ጠመኔ ትሥል ነበር። ከትምህርት በኋላ ጉብታው ላይ ወጥታ ደወለች። እማማ አሰፋሽ ስልኩን ለልጅቷ ብታስጠጋ ሳሌም አልያዘችም። «ንገሪያት፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለች አሉ። አያቷ ሳቀችበት። ዘመናይ ስልኩን ዘግታ ጉብታውን ወረደች።

አሶሳ ያለው ቦታ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ ለተከታዩ ሰው ይሰጣል፤ እሷም እንደገና ቅጽ ሞልታ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ስለዚህ ዘመናይ ይህን ለሚያነብ ሰው ሁሉ የምትለው አለ፦

«መምህር ጂራታን የምታውቁ፣ ረዥም፣ በግራ እጁ የሚጽፍ፣ መንጌ አካባቢ ባዮሎጂ ያስተማረ የባምባሲ ልጅ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡለት። አልከሰውም፣ አልወቅሰውም፤ እሱም እንደኔ ፈርቶ ነው። ሁለት መስመር ብቻ ይጻፍልኝ፦ ‹ማይክሮስኮፑን አይቼዋለሁ፣ ያኔም ሌንሱ ጭጋግ ነበረው።› ቀንና ፊርማ ያኑርበት። ወረቀቱን አሶሳ መናኸሪያ ለመንጌ ሚኒባስ ረዳት ስጡልኝ። ‹ለዘመናይ ቲቸር› ካላችሁት ይበቃል፣ ይደርሰኛል።»